ሁለት ሚስት ባንድ ገጽ

«ከላዬ ቤት የሠራው ማነው?»

እማማ ዶርቃ ይህን የጠየቁት ጮኸው አይደለም። እሳቸው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ብሎ እንዲያዳምጣቸው። በሐይቅ ዳሯ ከተማ በኪሱሙ፣ ሚሊማኒ ሰፈር፣ በትልቁ ልጃቸው በኦጎላ ሳሎን ውስጥ፣ ዳንቴል ከተነጠፈበት የምግብ ጠረጴዛ ፊት ቆመው የተከፈተ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጠዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው የሟች ባላቸው የመምህር ራቡኦጎ ብሎግ ነው፤ ዛሬ በሙት ዓመታቸው፣ ከምሳ በፊት፣ ድንኳን ውስጥ ለእንግዳ ሁሉ ሊታይ የተዘጋጀው። ከላይ የመምህሩ ፎቶ አለ። ከፎቶው ሥር የሁለተኛዋ ሚስታቸው የእማማ ሮዳ መልክና ታሪክ ተዘርግቷል። የመጀመሪያዋ ሚስት፣ እሳቸው ራሳቸው፣ ያሉት ከዚያ በታች ነው፤ ገጹ ወደ ታች ካልተጎተተ ጭራሽ አይታዩም። ብሎጉን የሠራችው አሚሞ ደግሞ የሮዳ ልጅ ናት። እንግዲህ የቀረውን መገመት ነው።

እኛ የሉዎ ጎሳ ሰዎች ሌላ ሌላውን ረስተን ይሆናል፣ ይህን ግን አንረሳም። በአባት ግቢ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሚስት ቤት ከበሩ ትይዩ መሃል ላይ ይቆማል፤ የሁለተኛዋ ከጎን ዝቅ ይላል፤ የታናሽ ቤት የታላቁን አይቀድምም። ይህን ያፋለሰ ቺራ ይይዘዋል፣ ያለ በሽታ ከስቶ ያልቃል ይባላል። ባንክ የሚሠራው፣ በአውሮፕላን የሚመላለሰው፣ እሑድ እሑድ ከጳጳስ ጎን የሚቀመጠው ሁሉ ይህ ሲወራ ይስቃል። ቤት ሊሠራ ሲነሳ ግን ማንም ሳያየው ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ደጅ ይጠናል።

«እማማ፣ ከእርስዎ በላይ ማንም አልሠራም» አለች አሚሞ። «እንዲያውም አስቀድሜ የጻፍኩት እርስዎን ነው። የብሎግ ጠባዩ ነው፤ ኋላ የገባውን ከላይ ያስቀምጣል።»

«ኋላ የመጣችውን ከላይ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ይሄን ትምህርት ማን አስተማረሽ? እናትሽ?»

የኦጎላ ሚስት ቢያታ ብርጭቆ እየወለወለች ነበር፤ ሳቋን በፎጣው አፈነችው። አሚሞ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ያሰደባት ማክበሯ መሆኑ ነው አንጀቷን ያሳረረው። ለትልቋ እናት ክብር ብላ የሳቸውን ታሪክ አስቀድማ ጽፋ አስገባች፤ የገዛ እናቷን አስከተለች። እሷ በክብር ተርታ ያስገባችውን መሣሪያው በራሱ ተርታ ገለበጠው።

መሣሪያው ምን ያድርግ? የተሠራው ለሌላ ነው። መምህር ራቡኦጎ ጡረታ ከወጡ በኋላ በነፃ በሚሰጥ የብሎግ ቦታ ላይ ለዓመታት ጽፈዋል፤ ስለ ሐይቁ አረም፣ ስለ ዓሣው መመናመን፣ ሰው ስለሆኑትም ሰው ስላልሆኑትም ተማሪዎቻቸው። ከቤተሰቡ የሚያነብላቸው አልነበረም። ባለቤቶቹ ያንን ቦታ ሊዘጉት መሆኑን ሲያስታውቁ የደነገጠችው አሚሞ ብቻ ናት። በሰው ቤት ጥገኛ ከመሆን ብላ በራሷ ስም ሰርቨር ተከራየች፤ የአባቷን ጽሑፍ ወደዚያ አጓጓዘች፤ ለብሎጉም መልክ የሚሰጠውን፣ ገጽታ የሚሉትን፣ ገዝታ ጫነች። ደህና ገጽታ ዋጋው አይቀመስም፤ በኪሷ ልክ ያገኘችው ለኬክ ጋጋሪዎች የተሠራውን ነው። ሮዝ ቀለም፣ የተጠማዘዘ ፊደል፣ አናቱ ላይ «አሁኑኑ ይዘዙ» የሚል ቁልፍ። ኒያሌንዳ ሰፈር ባለች አንዲት ክፍሏ ውስጥ፣ ጎረቤቷ ግድግዳው ማዶ ራዲዮ እያስጮኸ፣ ሮዙን አጥፍታ የሐይቁን ግራጫ ሰማያዊ አለበሰችው፤ ፊደሉን ለሽማግሌ ዓይን አተለቀችው፤ «ይዘዙ» የሚለውን ነቅላ «የመምህሩ ግቢ» አለችበት። ጋጋሪው ትኩስ ኬኮቹን እንዲደረድርበት በተሰናዳው ቦታ ላይ ሁለቱን እናቶቿን አስቀመጠች። ለኬክ ጋጋሪ የዛሬው ኬክ ከላይ፣ የትናንቱ ከታች ነው። ይህን ለእማማ ዶርቃ የሚያስረዳ ጀግና ካለ እሱ ያስረዳ።

ማስተካከሉ ቀላል ነበር። የትልቋን ታሪክ ከላይ አጸናችው፤ ሌላ ምን ቢገባ እንዳይወርድ አድርጋ። እማማ ዶርቃ ወጡ፤ እማማ ሮዳ ወረዱ። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ሁለቱን ፎቶዎች በስንዝር ለኩ፣ የሳቸው እንደማያንስ አረጋገጡ፣ ሳያመሰግኑ ወደ መኝታ ቤት ሄዱ። ወዲያው ቢያታ ስልኳን አሚሞ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«እኔ ጋ ግን አሁንም የኡጌንያዋ ናት ላይ።»

የኡጌንያዋ የሚሏት የአሚሞን እናት ነው፤ በተወለደችበት አገር። ሴትን በትውልድ አገሯ መጥራት በኛ ዘንድ ስድብ አይደለም፤ ቢያታ አፍ ውስጥ ሲገባ ነው ስድብ የሚሆነው።

«ስልክሽ ቅድም ያየውን ገጽ ይዞ ነው። ዝጊና እንደገና ክፈቺው።»

«ሁልጊዜ ጥፋቱ የኛ ዕቃ ነው፤ ያንቺ ጥፋት የለበትም» አለች ቢያታ። ከፍታ ስታየው ተስተካክሏል። ተስተካክሏል ግን አላለችም።

በጓሮ በኩል ሴቶቹ የዓሣ ቅርፊት ይፍቃሉ። እማማ ሮዳ ከነሱ መካከል ናቸው፤ ትናንት ከአሴምቦ፣ ከባላቸው ግቢ መጥተው ልጃቸው ክፍል አደሩ፤ ዛሬ ጠዋት እዚህ ሲደርሱ ሳሎን ግቡ ያላቸው ሰው አልነበረም። በበዓል ልብሳቸው ላይ የሰው ሽርጥ አስረው፣ ቢላ ተቀብለው፣ ተቀመጡ። ትልቋ ሚስት ለመታጠብ ሲወጡ በአጠገባቸው አለፉ። ሁለቱ ባንድ ግቢ አርባ ዓመት ኖረዋል። አንዷ «ውሃው ሞቀ?» አሉ፣ ሌላይቱ «ሞቋል» አሉ፤ በቃ፣ የዕለቱ ንግግራቸው ይኸው ነው። አሚሞ በመስኮት እያየች ደሟ ፈላ። ቢያንስ ድንኳኑ ውስጥ እናቴ በስክሪኑ ላይ ትታያለች፣ ከነስሟ፣ ከነማዕረግዋ፣ የመምህር ራቡኦጎ ሚስት ተብላ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፤ እያለች ራሷን አጽናናች። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ያጣችው ለአባቷ ጽሑፍ ይመስላት ነበር። ለዚህ ነበር።

የተጋበዙት ጳጳስ ደርሰው፣ ድንኳኑ ሊሞላ ሲል ኦጎላ አስጠራት። ኦጎላ መንገድ ተቋራጭ ነው፤ ከኪሱሙ ጎዳናዎች ሦስቱን የሠራው እሱ ነው፣ ሁለቱ ተቦርቡረዋል። ቢሮ ብሎ በሚጠራት ክፍል ውስጥ ትልቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተቀመጪ አላላትም።

«የይለፍ ቃሉን ጻፊልኝ» አላት።

«ለምን?»

«ለምን? የአባቴ ቤት ነዋ! ሴት ልጅ በአባቷ ግቢ ቤት እንደማትሠራ ማን ነግሮሽ አያውቅም? አንቺ ግቢውን በስምሽ አስመዝግበሽ ተቀመጥሽ። ሰው ሲሰማ ምን ይላል? ራቡኦጎ ወንድ ልጅ አልነበረውም ወይ አይልም?»

«አባታችን በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳን አንብበህለታል?»

«የጠየቅሁሽ ሌላ ነው።»

«መልሱ እሱው ነው። የተከራየሁት እኔ፣ የጫንኩት እኔ፣ ፊደል በፊደል ያስተካከልኩት እኔ። መሬቱን ወሰድክ፣ መኪናውን ወሰድክ፣ ሰዓቱን ሳይቀር ከእጁ ፈትተህ አሠርክ። ይሄን ግን አልሰጥህም። ብትፈልግ ጳጳሱ ፊት ጠይቀኝ፤ አልሰጥህም!»

በሕይወቷ ለኦጎላ እንዲህ ተናግራው አታውቅም፤ ኩራት እስከ ጆሮዋ ድረስ አሞቃት። ኦጎላ ግን ያልተቆጣ ሰው መሰለ። በር ላይ ሻይ ይዛ የቆመችውን ሚስቱን አየ፤ ፈገግ አለ።

«እሺ፤ ያንቺ ይሁን» አላት። «እኔ ከእህቴ ጋር በኮምፒውተር አልጣላም። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ታደርጊልኛለሽ። እናትሽን አውጪያት።»

«ከየት?»

«ከስክሪኑ። ለዛሬ ብቻ። ጳጳሱ አሉ፣ ከክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች አሉ። አባባ በቤተ ክርስቲያን ያገባው እናቴን ነው።»

«ጳጳሱ እናቴን ያውቋታል፤ ስንት ጊዜ ቤቷ በልተዋል።»

«ማወቅ ሌላ፣ በግድግዳ ላይ ተልቆ ማየት ሌላ።» ሻዩን ተቀበለ፣ ስኳሩን አማሰለ። «ደግሞ ወንድምሽ ዋሶንጋ ቆርቆሮ ገዝቷል አሉ። ሚስቱንና ልጁን ይዞ በናትሽ ማድቤት እስከ መቼ ይኖራል? እኔ ሳልቆምበት ደግሞ መሥራት አይችልም። በሚመጣው ሳምንት ወርጄ ችካሉን ልተክልለት አስቤ ነበር።» ሻዩን ፉት አለ። «አስቤ ነበር» ብሎ ደገመው።

አሚሞ ላፕቶፑን እንዳቀፈች ቆመች። ወንድሟ በዚያች ጭስ በጠገበች ማድቤት ውስጥ ከወለደ ዓመት አልፎታል፤ ሕፃኑ ሳል አይለየውም። ባንድ በኩል ሥዕል ነው፤ በሌላ በኩል ቤት ነው፤ እውነተኛ ቤት፣ እንጨትና ቆርቆሮ። ለዛሬ ብቻ። ነገ ማለዳ እመልሳታለሁ፤ የብሎጉ ቁልፍ እንደሁ በእጄ ነው። እናቴም ብትሆን ብትጠየቅ ለልጅ ልጇ ስትል እሺ ትል ነበር፣ አለች በልቧ። ጓሮው ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ሄዳ ግን አልጠየቀችም።

መደምሰስ እንኳን አላስፈለገም። ጋጋሪው ያለቀበትን ኬክ ከገበያ የሚያነሳበት «ደብቅ» የሚባል ነገር አለ። እሱን ነካችው። ገጽታው ብልህ ነው፤ ባዶ ቦታ አይተውም። አንዷ ስትነሳ የሌላይቱን ፎቶ ግራና ቀኝ ለጥጦ ስፍራውን ሞላው። እማማ ዶርቃ ብቻቸውን፣ ትልቅ ሆነው ወጡ። ኦጎላ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አይቶ «አየሽ? እንዲያውም አማረ» አላት። ቢያታ የሻይ ትሪዋን ይዛ ፈጠን ብላ ወደ ጓሮ ወጣች።

ድንኳኑ ውስጥ ሙቀቱ አያስተነፍስም። ጳጳሱ ከነወፍራም ልብሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ። እማማ ዶርቃ ከጎናቸው፣ ራሳቸው ላይ ጥቁር ሻሽ፣ እጃቸው ላይ የባላቸው ከዘራ። እማማ ሮዳ ሽርጡን ፈትተው፣ እጃቸውን በሎሚ አሽተው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ኦጎላ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ስለ አባቱ ብዙ ተናገረ፤ ስለራሱ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ። ጄኔሬተሩ እየጮኸ ግማሹን ዋጠበት፤ ያም በጎ ነው። ከዚያ አሚሞ ፕሮጀክተሩን አበራችው። መምህሩ በነጩ ጨርቅ ላይ ብቅ ሲሉ ሰዉ «ውይ!» አለ፤ ኮሌታቸው እንደ ልማዱ አንዱ ጎን ወደ ላይ ቆሟል። ገጹን ወደ ታች አወረደችው። እማማ ዶርቃ። እንደገና አወረደችው። የአባቷ ጽሑፎች። የሐይቁ አረም። ተጨበጨበ።

እማማ ዶርቃ አላጨበጨቡም። ከዘራቸውን ወደ ጨርቁ ዘረጉ።

«መልሺው ወደ ላይ።»

አሚሞ መለሰችው።

«የኡጌንያዋ የት ሄደች?»

ኦጎላ ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው «እማዬ፣ ላንቺ ክብር ብለን ነው» ሲላቸው ድምፅ ማጉያው ሳይጠፋ በእጁ ስለነበር ድንኳኑ ሁሉ ሰማው።

«ለኔ ክብር!» አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው ወርዶ ወርዶ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ነው የሰማቸው። «ያቺን ሴት ስጠላት አርባ ዓመቴ ነው። አርባ ዓመት! ወንዝ ስወርድ ጠልቻታለሁ፣ ስትወልድ እትብት እየቆረጥኩ ጠልቻታለሁ። ጥላቻው የኔ ነው፤ ሠርቼበታለሁ። አንተ ምን አግብቶህ ነው የምታወጣት? እሷ ከሌለች እኔ የማን ታላቅ ነኝ? ባንድ ሚስት የቀረ የድሃ ሰው ሚስት ነኝ? አባትህ ድሃ ነበር?»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ድንኳኑ ሁሉ ሳቀ። ጳጳሱ የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ። ኦጎላ የሚገባበት ጠፋው፤ ድምፅ ማጉያውን እንደ ትኩስ ድንች ካንዱ እጁ ወደ ሌላው ያገላብጣል።

«አንቺ፣ የሮዳ ልጅ!» አሉ እማማ ዶርቃ። «እናትሽን መልሺያት። ከበታቼ አድርገሽ መልሺያት።»

አሚሞ ነካችው። እማማ ሮዳ በጨርቁ ላይ ተመለሱ፤ ከታች፣ ከነስማቸው፣ ከነማዕረጋቸው፣ ልክ አሚሞ ስትመኝላቸው እንደነበረው፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ። ሰዉ ከፊተኛው አስበልጦ አጨበጨበ። አሚሞ ዞር ብላ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ተመለከተች። እናቷ ስክሪኑን አያዩም ነበር። የሚያዩት እሷን ነው።

ምሳው ተበላ። ኡጋሊው፣ የበቆሎው ገንፎ፣ ቀዘቀዘ፣ ዓሣው ግን ጥሩ ነበር አሉ። አሚሞ ሽቦ ስትጠቀልል ኦጎላ አጠገቧ መጥቶ «ለዋሶንጋ ንገሪው፤ ቆርቆሮው እንዳይዝግ ከዝናብ ይሸፍነው» አላትና አለፈ። ቢያታም በበኩሏ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች፣ ለማንም ሳይሆን፣ ሳህን እየደራረበች። አባባሉ ልክ ነበር።

እናትና ልጅ በባጃጅ ተሳፈሩ። ሹፌሩ ቅዳሜ ነው ብሎ ሃያ ሽልንግ ጨመረባቸው፤ ማንም አልተከራከረውም። የአባቷ ጽሑፍ፣ የደከመችበት ገጽታ፣ ሁሉም ጭኗ ላይ ባለው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። የሚሊማኒ ዛፎች አልቀው ገበያው ታየ። አሚሞ ራሷ ወሬውን ጀመረች፤ ስለ ዋሶንጋ፣ ስለ ሕፃኑ ሳል፣ ስለ ችካሉ፣ ለአንድ ቀን ብቻ እንደነበረ፣ ነገ ልትመልሳት እንደነበረ። እማማ ሮዳ እስክትጨርስ ጠበቁ። በሰው ንግግር መሃል መግባት ነውር ነው ተብለው ነው ያደጉት።

«ቢያታ ነግራኛለች» አሉ። «ከምሳ በፊት። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ፤ ዓሣውን እያጠብኩ።»

«እማ…»

«ቁልፉን ግን አልሰጥም አልሽው አሉ።»

«አልሰጠሁትም። ቢገድለኝም አልሰጠውም።»

«ጮኸሽ ነው አሉ ያልሽው። ጳጳሱ ፊት ጠይቀኝ ብለሽ።»

«አዎ፣ እማ።»

«ጎበዝ።» እማማ ሮዳ እጃቸውን አሸተቱ፤ የዓሣው ሽታ አልለቀቃቸውም። «ለኮምፒውተርሽ ጮኸሽለታል። ለኔ እንኳን አልጮኽሽም። እሱን አልሰጥም ብለሽ እኔን ሰጠሽ። የመለሰችኝ ጣውንቴ ናት።»

ባጃጁ ወደ ኒያሌንዳ ሊታጠፍ ሲል የሹፌሩን ትከሻ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ።

«ልጄ፣ ወደ መኪና ተራ ንዳው። የአሴምቦ መኪና አለ ገና።»

«ዛሬ እኔ ጋ አልነበር እንዴ የምታድሪው?» አሚሞ ክንዳቸውን ያዘች። «ልብስሽ እኮ እኔ ጋ ነው። ሻንጣሽ፣ ጫማሽ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው፣ እማ።»

«ለኦጎላ ስጪው» አሉ እማማ ሮዳ።